ፊልሙ ሲያልቅ ወደ ሥዕሉ፦ በከተማ ዳር ላለ ሙዚየም የፊልም ዝግጅት አሠራር

በአዲስ አበባ፣ በቱሉ ዲምቱም ሆነ በካራ፣ በለቡም ሆነ በእንጦጦ ግርጌ፣ ከመሃል ከተማ ርቆ ዐውደ ርእይ የሚከፍት ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። የመክፈቻው ዕለት አዳራሹ ይሞላል። በማግስቱ ጭር ይላል። ሁለት ታክሲ ቀይሮ፣ ኮረኮንቹን በእግሩ ወጥቶ ሥዕል ሊያይ የሚመጣ ሰው ተጨማሪ ምክንያት ይፈልጋል። ፊልም ጥሩ ምክንያት ነው።

ከወዲሁ ግን አንድ ነገር እንያዝ። ፊልሙ የሚታየው ለዐውደ ርእዩ ሲባል ነው። ሰው ፊልሙን አይቶ በቀጥታ ወደ ታክሲ ከሮጠ፣ ሥዕሎቹ ምንም አላገኙም። የዝግጅቱ ዋና ሰዓት ፊልሙ ካለቀ በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት ናት። መብራት ይበራል፣ ሰው ይነሳል፣ ቅድም ዝም ብሎ ያለፈውን ሥራ ተመልሶ ያየዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ፣ የሰዓቱም የወንበሩም የገመዱም ነገር፣ ለዚያች ግማሽ ሰዓት ነው።

1. መጀመሪያ ሥራዎቹን እዩ

ፊልም ከመፈለጋችሁ በፊት አዳራሹን ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ጎብኚው የትኛው ሥራ ፊት ቶሎ ያልፋል? ምን ቢያውቅ ይቆማል? ፊልሙ የሚመረጠው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የኤልያስ ስሜን ሥራዎች እንደ ምሳሌ እናንሳ። ኤልያስ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒውተር ሰርኪት ቦርድና የኪቦርድ ቁልፍ ሰብስቦ፣ ሽቦውን እየጎነጎነ፣ ቁርጥራጩን እየገጣጠመ ግድግዳ የሚያክሉ ሥራዎች ይሠራል። ለእንዲህ ያለ ዐውደ ርእይ ሦስት ዓይነት ፊልም ሊታሰብ ይችላል። አንደኛው ስለ ሠዓሊው የሚያወራ ነው። ሁለተኛው ስለ ዕቃው ነው፤ አሮጌ ኮምፒውተር ከየት ይመጣል፣ ማን ይፈታዋል፣ ሽቦው በማን እጅ ያልፋል የሚለውን ያሳያል። ሦስተኛው ከሥራዎቹ ጋር በርዕስ የማይገናኝ፣ በአተያይ ግን የሚቀራረብ ነው። ለምሳሌ ቀኑን ሙሉ በትዕግሥት የሚሰፉ እጆችን የሚከተል ፊልም።

ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የመጀመሪያው ነው፤ ቀላል ስለሆነ። እኔ ግን ሁለተኛውን አስቀድማለሁ። ስለ ሠዓሊው የተሠራ ፊልም ሥራው ምን ማለት እንደሆነ ተርጉሞ ያስረክባል። ተመልካቹ ከዚያ በኋላ ሥዕሉን የሚያየው የተነገረውን ለማረጋገጥ ብቻ ይሆናል። ስለ ዕቃው የተሠራ ፊልም ግን ትርጉሙን ለራሱ ይተውለታል። ዓይኑን ብቻ ያነቃለታል። የሠዓሊውን ፊልም ማሳየት ካለባችሁ ሰው ሥራዎቹን አንድ ጊዜ በራሱ ዓይን ካየ በኋላ ይሁን።

ርዝመቱንም አስቡበት። ከ20 እስከ 50 ደቂቃ የሚሆን ፊልም ለዚህ ዓይነት ዝግጅት ይመቻል። የኃይሌ ገሪማን «ምርት፦ ሦስት ሺህ ዓመት» የመሰለ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚሄድ ትልቅ ሥራ ከጉብኝት ጋር አትለጥፉት። ለሱ የራሱን ቀን ስጡት። ያለዚያ ተመልካቹ ይደክማል፣ ፊልሙም ሥዕሉም ይጎዳሉ።

የሚስማማ ፊልም ካልተገኘ ራሳችሁ አንሡ። ይኼ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። የሽመና ሥራዎችን ልታሳዩ ነው እንበል። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሞልቷል፤ ብዙዎቹም ከጋሞ የመጡ ናቸው። አንዱን ባለሙያ አስፈቅዳችሁ፣ ለሚያጠፋው ጊዜም ተገቢውን ከፍላችሁ፣ ስልካችሁን በማቆሚያ ላይ በአግድም አቁሙና ሦስት ነገር ብቻ ቅረጹ፦ እጁን፣ እግሩን፣ ጥለቱ ሲገባ። እያንዳንዱን ሳታንቀሳቅሱ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ያዙ። ሙዚቃ አትጨምሩበት። መወርወሪያው ሲመላለስ የሚያሰማው ድምፅ ይበቃል።

እንዲህ ያለ አጭር ፊልም ከታየ በኋላ አንዲት የሰፈር እናት ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለው ነጠላ ተመልሰው ሲሄዱ አይቻለሁ። ሳይነኩት በጣታቸው ጥለቱን ከጫፍ ጫፍ ተከተሉት። መሃል ላይ ቆሙና አጠገባቸው የነበረችውን አስጎብኚ ጠሯት። «ልጄ፣ እዚህ ጋ ክሩ አልቆበት በሌላ ቀጥሎበታል፤ አየሽ?» አሉ። አስጎብኚዋ አላየችም ነበር። እኔም አላየሁም። ጎንበስ ብለን ስናይ ቀዩ ከአንድ ቦታ ጀምሮ ትንሽ ደመቅ ይላል። ፊልሙ የፈለግነውን ሥራ ሠራ ማለት ይህ ነው።

2. ፈቃድ

ፊልም ኢንተርኔት ላይ ስለተገኘ ብቻ ለሕዝብ ማሳየት አይቻልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን መብት የሰጠው ለሥራው ባለቤት ነው። መግቢያው ነፃ ነው ብሎ ማለፍም አያዋጣም። ፊልም ሠሪው ከሠዓሊው የሚለይበት ነገር የለም፤ የሥዕሉን ባለቤት አስፈቅዳችሁ ከሰቀላችሁ ለፊልሙም እንዲሁ አድርጉ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የፊልሙን ስም፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የወንበሩን ብዛት፣ መግቢያ ይከፈል አይከፈል፣ ስንት ጊዜ እንደሚታይና ከየትኛው ዐውደ ርእይ ጋር እንደሆነ ጻፉ። ብዙ ፊልም ሠሪዎች ለአንድ ቀን፣ ለትንሽ አዳራሽ ሲጠየቁ ይተባበራሉ። የውጭ ፊልም ከሆነ ጎተ ኢንስቲትዩትን ወይም አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴን የመሰሉ የባህል ተቋማትን አነጋግሩ። የፈቀዱላችሁን በጽሑፍ ተቀበሉ። ለወረዳውም ቀደም ብላችሁ በደብዳቤ አሳውቁ፤ በተለይ ዝግጅቱ ከግቢ ውጭ ወይም በምሽት ከሆነ።

3. ሰዓቱ፦ ጨለማና ታክሲ

የከተማ ዳር ዝግጅት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ፊልም ጨለማ ይፈልጋል። ሰው ደግሞ ታክሲ ሳይጠፋ ቤቱ መግባት ይፈልጋል።

በአዲስ አበባ ፀሐይ የምትጠልቀው፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ከ12 ሰዓት ትንሽ አልፎ ጀምሮ እስከ 12፡50 ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ኅዳር ላይ ቀደም ትላለች፣ ሐምሌ ላይ ትዘገያለች። ከጠለቀች በኋላም ደጅ ላይ ምስል ደህና ሆኖ እንዲታይ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ደጅ የሚታይ ፊልም የሚጀመረው ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። የ50 ደቂቃ ፊልም ከሆነ 2 ሰዓት ይሆናል። ሥዕሉን ደግመን እንይ ስትሉ 2 ተኩል። በዚያ ሰዓት ከዳር ሰፈር ወደ መገናኛ ወይም ወደ ሜክሲኮ ታክሲ ማግኘት ፈተና ነው። ሰው ይህን ስለሚያውቅ ፊልሙ ሳያልቅ መውጣት ይጀምራል። ያቺ ግማሽ ሰዓት ሄደች ማለት ነው።

እኔ የምመክረው ቅዳሜን፣ ከሰዓት በኋላን፣ አዳራሽ ውስጥን ነው። በ9 ተኩል በር ይከፈት። እስከ 10 ተኩል ሰው እንደፈለገ ይጎብኝ። ከዚያ ፊልም። ቢረዝም 11 ተኩል ላይ ያልቃል። እስከ 12 ወደ ሥራዎቹ መመለስ፣ ቡና፣ ጨዋታ። ሰው ገና በብርሃን ይወጣል። ልጅ ይዘው የመጡ እናቶችም፣ ብቻቸውን የመጡ ወጣት ሴቶችም ሳይጨነቁ ይቆያሉ። ይህ አሠራር አዳራሹን ማጨለም ይጠይቃል፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

የግድ ደጅ ይሁን ካላችሁ ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ ፊልም ምረጡ። ጉብኝቱን ከፊልሙ በፊት አድርጉት፤ ከፊልሙ በኋላ ደግሞ አንድ ክፍል ብቻ ክፍት ይሁን። ከአንድ ሚኒባስ ሹፌር ጋር አስቀድማችሁ በኮንትራት ተነጋገሩ፤ 2 ተኩል ላይ በር ላይ ይቁም። ይህንንም ማስታወቂያው ላይ ጻፉት። «መመለሻ ትራንስፖርት አለ» የሚለው መስመር ከፊልሙ ስም እኩል ሰው ያመጣል። ጋቢ ወይም ጃኬት ይዛችሁ ኑ ማለትም አትርሱ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ የእንጦጦ ጥግ ደግሞ ይብሳል።

ክረምቱን፣ ማለትም ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለውን፣ ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ከሆነ ለፊልም አትመድቡት። ዝናብ ሲወርድበት ስፒከራችሁ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን የሰው ንግግር አይሰማም።

ቀን ስትቆርጡ የሰፈሩን ሰው አማክሩ። ወንበርና ድንኳን የምትዋሱት ከእድሩ ነው። ለቅሶ ከተነሳ ዕቃው ወደዚያ ይሄዳል፤ እናንተም ድምፅ ማሰማት የለባችሁም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ተለዋጭ ቀን ያዙና ለፊልሙም ባለቤት ንገሩ።

4. አዳራሹን ማዘጋጀት

ስክሪን መግዛት የግድ አይደለም። አቡጀዲ ይበቃል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳችሁ ሁለት ንብርብር አድርጋችሁ አሰፉት፤ ነጠላ ከሆነ ብርሃኑ አልፎ ይሄዳል። ስፌቱ በአግድም ይሁን። በአጣና ወይም በጣውላ ፍሬም ላይ ወጥሩት። ከመወጠሩ በፊት ውኃ ርጩበት፤ ሲደርቅ ጭምድዱ ይጠፋል። ጠርዙን አራት ጣት በሚያህል ጥቁር ጨርቅ ክበቡት። ምስሉ ወዲያው የጠራ ይመስላል። ወርዱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ከሆነ ለ50 ሰው ይሆናል።

ለዚህ መጠን 3,000 ሉመን (የብርሃን ጉልበት መለኪያ) ያለው ፕሮጀክተር በጨለማ ክፍል ውስጥ ከበቂ በላይ ነው። ለአብዛኞቹ ፕሮጀክተሮች ርቀቱ የስክሪኑን ወርድ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ነው፤ ለ3 ሜትር ስክሪን 4 ሜትር ተኩል ያህል። ወንበር ከመደርደራችሁ በፊት ለኩት።

ስክሪኑን ሥዕል በተሰቀለበት ግድግዳ ላይ አታድርጉ። ለፊልም ብሎ ሥዕል ማውረድና መልሶ መስቀል አደጋ ነው፤ ብዙ ሥራ የሚጎዳው በዝውውር ወቅት ነው። ፍሬሙ ራሱን ችሎ የሚቆም ይሁን። ለጭቃ ግድግዳም ይኼው ነው። መካኒሳ የሚገኘውን ዞማ ሙዚየምን ያየ ሰው በጭቃና በጭድ የተሠራ ግድግዳ ምን ያህል ውበት እንዳለው ያውቃል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ ግን ሚስማር አይመታም፣ ምስልም አይወረወርም። ፊቱን ሸካራነቱ ያስውበዋል፣ ፊልሙን ግን ያደበዝዘዋል።

መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ። ጨርቁ ከመስኮቱ ጠርዝ በሁሉም በኩል አንድ ስንዝር ይለፍ፤ ብርሃን የሚሰርቀው በጎን ነው። ከሁሉም የሚረሳው ከበር ሥር የሚገባው ነው። መውጫውን የሚያሳየው መብራት ግን ይብራ።

አሁን ስለ ሥራዎቹ ደኅንነት። ወረቀት፣ ጨርቅና ብራና ብርሃን ይጎዳቸዋል። በሙዚየሞች የተለመደው መጠን ለነሱ 50 ሉክስ (ሥራው ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ)፣ ለዘይት ቀለም 200 ሉክስ አካባቢ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ሲያልቅ ሁሉንም ፍሎረሰንት ቦግ አታድርጉ። ለዓይንም ለሥራውም ደግ አይደለም። የሥዕሎቹን መብራቶች ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ አብሩ። ሰው ሳይነገረው ብርሃኑን ተከትሎ ወደ ሥራዎቹ ይሄዳል።

በጠበበ ክፍል ውስጥ 50 ሰው ሲተነፍስ እርጥበቱና ሙቀቱ ከፍ ይላል። ብራና ይህን ቶሎ ይሰማዋል፤ ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ሊላቀቅ ይችላል። የብራና ዐውደ ርእይ ከሆነ ፊልሙን ሌላ ክፍል አሳዩ፤ ሌላ ክፍል ከሌለ ሰውን በ20 ወስኑና ሁለት ጊዜ አሳዩ። የመጨረሻው የወንበር ረድፍ ከማንኛውም ሥራ ሁለት ሜትር ይራቅ። ቦርሳና ዣንጥላ በር ላይ ይቀመጥ። ቡናውና ፈንዲሻው ደጅ ይሁን። ጭሱ፣ ከሰሉ፣ ስኳሩ፣ አንዱም ሥዕል አጠገብ አይግባ።

ድምፅ ላይ ደግሞ፣ አዲስ የተሠራ አዳራሽ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ሊሾ ከሆነ ንግግር ያስተጋባል። ምንጣፍ አንጥፉ፣ ከኋላ ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ስፒከሮቹን ከስክሪኑ ግራና ቀኝ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ አድርጉ። ድምፁን ከመጨመር በፊት ማስተጋባቱን ቀንሱ። ልጆች ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ፤ የፕላስቲክ ወንበር ሲጎተት የሚያሰማው ድምፅም በዚያው ይቀንሳል።

5. የግርጌ ጽሑፍና ሙከራ

ፊልሙ በሌላ ቋንቋ ከሆነ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ያስፈልገዋል። በአማርኛም ከሆነ ጽሑፍ ቢኖረው መስማት ለሚቸገሩ ይጠቅማል። ሁለት መስመር፣ በመስመር ከ35 ፊደል ያልበለጠ ይሁን። ዝርዝሩን መቁረጥ ግድ ነው፤ ሰው ምስሉን እንጂ ጽሑፉን ሊያይ አልመጣም።

ፊደሉ በባዶ ሳጥኖች ወይም በተዘበራረቁ ምልክቶች ተተክቶ ከመጣ ችግሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ፋይሉ ፊደላችንን በሚይዘው የጽሑፍ ማስቀመጫ ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8 (UTF-8)፣ አልተቀመጠም፣ ወይ ማጫወቻው የመረጠው ፎንት ፊደላችንን አይዝም። ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 እንደገና አስቀምጡ፤ በቪኤልሲ (VLC) ማጫወቻ የግርጌ ጽሑፍ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ኒያላን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ምረጡ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አንድ አድርጎ ማተም ነው። ያኔ በማንም ላፕቶፕ ላይ አይበላሽም። ይህን ለማድረግም የፊልሙን ባለቤት አስፈቅዱ።

ሙከራው ከዝግጅቱ በፊት ባለው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዕቃ ይደረግ። መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ፊልም አጫውቱ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣችሁ ጽሑፉ ይነበብ እንደሆነ እዩ። ፋይሉ በላፕቶፑ ላይና በሁለት ፍላሽ ላይ ይኑር። ኢንተርኔት ላይ ተማምናችሁ አትጀምሩ።

6. መብራት ቢሄድ

ፕሮጀክተር 300 ዋት ያህል፣ ላፕቶፕ ከ100 በታች፣ ደህና ስፒከሮች እስከ 500 ዋት ይወስዳሉ። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ኪሎዋት አይበልጥም፤ ባለ 2 ኪሎዋት ጄኔሬተር ይበቃል። ከሕንፃው ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ አዳራሹ በማያመጣበት በኩል ይቁም። ቤት ውስጥ ወይም ኮሪደር ላይ በፍጹም አይነሳ፤ ጭሱ ሽታ በሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ከጄኔሬተሩም በፊት ፕሮጀክተሩን መሸከም የሚችል ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ፣ ያዙ። ፕሮጀክተሩንና ላፕቶፑን ብቻ ሰኩበት። ጄኔሬተር እስኪነሳ ባሉት ደቂቃዎች ምስሉ አይጠፋም፤ ስፒከሮቹ ብቻ ለጊዜው ዝም ይላሉ። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ከሆነ ሌላም ጥቅም አለው። እንዲህ ያለው ዕቃ እንደጋለ ድንገት ከጠፋ ማቀዝቀዣው ይቆማል፣ አምፖሉም ይጎዳል። ዩፒኤስ በወጉ አጥፍታችሁ እንድታቀዘቅዙት ጊዜ ይሰጣችኋል።

7. የዕለቱ አካሄድ

አድራሻ የሚነገረው በሰፈሩ ምልክት ነው፤ የታክሲ መጨረሻው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ የኮንዶሚኒየሙ ብሎክ። ከታክሲ መጨረሻው እስከ በሩ ድረስ በየመታጠፊያው ቀስት ለጥፉ።

በር ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ካርድ ስጡ። የሦስት ሥራዎች ስምና አንድ አንድ ጥያቄ ብቻ ይኑርበት። «ይህ ሰማያዊ ከየት የመጣ ይመስልዎታል?» ዓይነት። መልሱን ፊልሙ ውስጥ የሚያገኙት ይሁን።

ከፊልሙ በፊት የሚናገር ሰው አንድ ይሁን፣ ከአምስት ደቂቃም አይለፍ። ፊልሙን አይተርክ። የት እንደተቀረጸ፣ ለምን እንደተመረጠ፣ ከዚያ በኋላ አዳራሹ ክፍት እንደሆነ ይናገር። የክብር እንግዳ ንግግር ካለ ለመክፈቻው ቀን ይቀመጥ።

ፊልሙ ሲያልቅ ጠረጴዛና ማይክ አታቅርቡ። ውይይቱ ሥራዎቹ ፊት ይሁን፣ ቆማችሁ። ሠዓሊው ካለ ከአንዱ ሥራ አጠገብ ይቁም፤ ሰው ወደሱ ይመጣል። አስጎብኚዎቹ ከማስረዳት ይልቅ ይጠይቁ፣ ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ። ሸማኔ፣ አናጢ፣ ብረት ሠሪ፣ የሰፈሩ ሰው ስለ ዕቃው ከአስጎብኚው በላይ ሊያውቅ ይችላል። የሚናገሩትን አስፈቅዳችሁ በስማቸው ጻፉት። ለሚቀጥለው ዐውደ ርእይ መግለጫ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ምንጭ አታገኙም።

8. ሰው ከሄደ በኋላ

ፕሮጀክተሩ ሳይቀዘቅዝ አይነቀል። ሥራዎቹን አንድ በአንድ እያዩ መዞር ያስፈልጋል፤ የተነካ፣ የተጠጋ፣ የዘመመ ካለ ፎቶ አንስታችሁ መዝግቡ። መስኮቶቹ ለጥቂት ጊዜ ተከፍተው ክፍሉ ይናፈስ። የእድሩ ወንበር ተቆጥሮ፣ ተጠርጎ፣ እሑድ ጠዋት ይመለስ።

ሰኞ ዕለት ለፊልሙ ባለቤት ጻፉ። ስንት ሰው እንዳየው፣ ከፊልሙ በኋላ ስንቱ እንደቆየ፣ የትኛው ሥራ ፊት ብዙ ሰው እንደተሰበሰበ ንገሩት፤ አንድ ሁለት ፎቶም አያይዙ። ሁለተኛ ስትጠይቁት ማን እንደሆናችሁ ያውቃል።